ከማን አፍ?

ሴትየዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች፤ ሻይ ጣደች፤ የባሏን የመምህሩን ሸሚዝ ተኮሰች። መምህሩ ጢሙን ራሱ ተላጨ። ዳቦ በማር በላ፤ ሁለት ክኒን ዋጠ። ከዚያ መነጽሩን አጥልቆ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠና የካርዱን ሣጥን ወደ ራሱ ሳበ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጠዋቱ ሁሌም እንዲሁ ነው።

መምህሩ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃል። እያንዳንዱ ፍቺ የራሱ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ ቃሉ፣ ፍቺውና አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ይሰፍራሉ፤ ከታች በቀኝ በኩል ደግሞ ምሳሌው ከማን አፍ እንደተሰማ ይጻፋል። ለመምህሩ ያቺ ጥግ ሃይማኖቱ ናት። «ምሳሌውን ከራስህ ካወጣኸው ልብ ወለድ ጻፍክ እንጂ ቋንቋ አልመዘገብክም» ይላል። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ከፊቱ የቆመች ሴት የተናገረችውን ሊጽፍ ሲያቀረቅር ወረፋው አልፎት፣ ጥርሱን እንዳመመው ደስ ብሎት ቤቱ ገብቷል።

አሁን የያዘው «ራን» የሚለውን ቃል ነው። ሌላው ሰው «ሮጠ» ብሎ ያልፈዋል። እንግሊዞች ግን ውሃ ሲፈስ ያቺኑ ቃል ይጠራሉ፤ ሞተር ሲሠራም፣ ሰው ድርጅት ሲመራም፣ ለምርጫ ሲወዳደርም፣ መንገድ ሲዘልቅም፣ በሽታ በዘር ሲወርድም፣ የሴት ካልሲ ሲተረተርም። «ምስኪን! የቤቱ ታናሽ ሆና ሁሉም ይልካታል» ይላል መምህሩ። እስካሁን ስድሳ ካርድ ሞልቶላታል።

ከስድሳው አሥራ ዘጠኙን የጻፈው ግን እሱ አልነበረም። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት።

ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታው። እጁም እግሩም ተመለሱለት፤ ቃል ግን ይከዳው ጀመር። ማንኪያን «ያ... የሚያማስለው» ይላል። ጠዋት ደህና ነው፤ ወደ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ አንደበቱ ይደክማል። አንድ ቀን ባዶ ካርድ ላይ አፍጥጦ ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ አየችው። ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲል እሷ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ እንግሊዝኛው አያቅታትም፤ ያዘመመ የእጅ ጽሑፉንም እንደ ራሷ ታውቀዋለች። አንድ ጻፈች። ሦስት ወር ሲያልፍ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ።

ዛሬ በሦስት ሰዓት የማተሚያ ቤቱ አርታኢ ይመጣል። የመምህሩ የድሮ ተማሪ ነው፤ የሰው ጽሑፍ መቁረጥ ስለሚወድ ባልደረቦቹ «መቀስ» ይሉታል። በስልክ ያላት ግልጽ ነበር፦ «እትዬ፣ ጋሼ ሥራውን መጨረስ ይችሉ እንደሆነ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ካልቻሉ ሣጥኑን ለሌሎች እንድሰጥ ታዝዣለሁ።» ሣጥኑ ከሄደ ባሏ ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት እንደማይኖረው ታውቃለች።

ሦስት ሰዓት አለፈ። አራትም ሆነ።

«ይሄ ልጅ ቤቱ ጠፋበት እንዴ?» አለ መምህሩ።

«መንገድ ተዘጋግቶ ይሆናል።»

«ተማሪ ሳለም ያረፍድ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ማልዶ መጣ፤ ለካ እሑድ ኖሯል።»

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከሰዓቱ አልተነሣም። አርታኢው የደረሰው ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታዎን! መንገዱ ገደለኝ። እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«እግዜር ይመስገን። ቁጭ በል፤ ሻይ አለ።»

«ሻዩ ይቆየን። ጋሼ፣ እስቲ ስለ ‹ራን› ያጫውቱኝ።»

መምህሩ ተጫወተ። ካርድ እያነሣ ፍቺውን፣ ምሳሌውን፣ የተናጋሪውን መልክ ሳይቀር ይተርክ ጀመር። የቧንቧ ሠራተኛው ስለ ውሃው ያለውን በቧንቧ ሠራተኛው ድምፅ፣ የጎረቤት ባልቴት ስለ ልጃቸው አፍንጫ ያሉትን በባልቴቷ ድምፅ ተናገረ። አርታኢው ከት ብሎ ሳቀ። ሴትየዋ በሩን ተደግፋ ቆማ «በቃህ፣ አሁን ተነሣና ሂድ» እያለች አርታኢውን በሆዷ ትለምነዋለች። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

አርታኢው እጁን ሰዶ ከመካከል አንድ ካርድ መዘዘ።

«ይቺ ደግሞ ጣፋጭ ናት። ‹አለቀ› ከሚለው ፍቺ ሥር፦ ‹ምነው ትዕግሥቴ ሳያልቅ ቀኑ ባለቀ።› ከማዕዘኑ ባለ ሱቅ። ምን ገጥሞት ነው እንዲህ ያለው?»

መምህሩ ካርዱን ተቀበለ። አነበበ፤ ገልብጦ አየው፤ እንደገና አነበበ።

«ባለ ሱቁ...» አለ። «ባለ ሱቁ...»

«ግድ የለም ጋሼ፤ ሌላ እንይ። ‹ቀለሙን የለቀቀው ጨርቁ፣ የሚቆጡት እጄን!› ከልብስ ሰፊዋ።»

መምህሩ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እኔ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ አውቃለሁ?»

አርታኢው ዓይኑን ሰበረ። እስክሪብቶውን አውጥቶ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጻፈ።

«ሄደሃል እንጂ!» አለች ሳታስበው። «አብረን አይደለም እንዴ የሄድነው? ካፖርትህን ያሳጠርን ጊዜ። ባለ ሱቁም እኮ ያን ቀን ነው ያለው።»

አርታኢው ፈገግ ብሎ እስክሪብቶውን ከደነ። «እንኳን እርስዎ፣ እኔም ትናንት የበላሁትን አላስታውስም» አለ። ነገሩ አልቆ ነበር። ሣጥኑ ተርፏል።

ከዚያ የባሏን ፊት አየች። መምህሩ ካፖርቱን እየፈለገ ነበር፤ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ጭንቅላቱ ውስጥ። መንገዱን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ያን ሙሉ ቀን። በእግሩ ያልሄደበትን ቀን በሽታው እንደወሰደበት ቆጥሮ እንደ ተሰረቀ ሰው ተቀምጧል።

«አልሄድክም» አለች።

ሁለቱም ቀና አሉ።

«ልብስ ሰፊም ባለ ሱቅም የለም። እኔ ነኝ የጻፍኳቸው። በሦስት ወር አሥራ ዘጠኝ ጻፍኩ።»

መምህሩ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«እንግዲያው አልረሳሁም!» አለ። «ሰማህ አንተ? አልረሳሁም!» እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ካርዶቹን ማየት ጀመረ፤ አሁን የእጁን ጽሑፍ ከእጇ ጽሑፍ ለመለየት ጊዜ አልፈጀበትም። አንድ በአንድ እያወጣ ደረደራቸው።

«ጋሼ፣ ካርዶቹ እኮ ጥሩ ናቸው» አለ አርታኢው ቀስ ብሎ። «ጥጉን አርመን ‹ከባለቤቴ› ብንል ምን አለበት? የእሳቸውም አፍ አፍ ነው።»

መምህሩ አሰበበት። ወደ ሚስቱ ቀና አለ።

«ብለሽዋል? ይሄን የትዕግሥቱን በአፍሽ ብለሽዋል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር።

«በሆዴ ነው ያልኩት።»

«ለማን?»

«ለማንም።»

ካርዱን በሌሎቹ ላይ መልሶ አኖረው። «ሆድ ምስክር አይሆንም» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሦስት ወር ሙሉ ከእኔ እጅ ስንት ካርድ ወጣ?»

«አራት።»

«አራት።» ወደ አርታኢው ዞረ። «ውሰደው ሣጥኑን።»

«ጋሼ፣ እኔ እንኳን...»

«ውሰደው ብዬሃለሁ። ሌሎቹን ቃላት እንዳሻቸው ይጨርሷቸው። ‹ራን› ላይ ግን ማንም እንዳይጨምር፤ አንተም መቀስህን እንዳታሳርፍበት። እንደተውኩት ይታተም።»

አርታኢው ቃል ገባ። ሣጥኑን በሁለት እጁ ታቅፎ ሲወጣ ሴትየዋ በሩን ያዘችለት። ስትመለስ ባሏ አሥራ ዘጠኙን ካርዶች እያስተካከለ ነበር።

«ነይ ቁጭ በይ» አላት። «ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። በአፍሽ።»

ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች።

መዝገበ ቃላቱ በተከታዩ ዓመት ታተመ። «ራን» ከሚለው ቃል ሥር አርባ አንድ ፍቺዎች አሉ። «አለቀ» የሚለው የለም።