የሎይድ ጥይት

አርዲስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዕጣ ስትሞክር ኖራ ኖራ፣ በስልሳ አራት ዓመቷ የተራራ በግ ማደኛ ፈቃድ ወጣላት። በደስታ ጨርቋን ጥላ ልታብድ ምንም አልቀራት። ሁለተኛ ሠላሳ ዓመት የሚጠብቅ ዕድሜ ከየት ይመጣል? ፈቃዱ የሚያገለግለው ደግሞ ለዘንድሮው መስከረም ብቻ ነው። ችግሩ ጥይቱ ነበር።

እነሱ ቤት የተገዛ ጥይት ገብቶ አያውቅም። ባሏ ሎይድ አርባ ዓመት ጋራዡ ውስጥ ጥይት መሙያ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ፣ ባሩዱን እየመዘነ፣ እርሳሱን ቀለሃው አፍ ላይ እየተከለ በእጁ ይሞላል። ድሮ ከመቶ ሜትር ሦስት ሲተኮስ ሦስቱም አንዲት ሳንቲም በምትሸፍነው ቦታ ያርፋል። አሁን ግን አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ መዳፍ የሚያክል ቦታ ይበተናል። በዚህ ጥይት በግ ማቁሰል እንጂ መግደል የለም፤ አቁስሎ መልቀቅን ደግሞ አርዲስ አጥብቃ ትጠላለች።

"ጥይቱ ምን አደረገሽ? በጉን ገና ሳታዪው ፈርተሽው ነው" አላት ሎይድ።

"እኔ ልፍራ? በዚህ ቤት መጀመሪያ አጋዘን የጣለው ማን ሆነና!"

"እሱንማ እርጅና ነው የገደለው።"

ሳቀች፤ ነገሩ ግን ከነከናት። በዚያ አገር ሰው የሞላውን ጥይት ሌላ ሰው አይነካካም፣ ሚስትም ብትሆን። ሐሙስ ዕለት ሎይድ ከብት ጨረታ ሲሄድ ግን ሃያ ጥይት ይዛ ጋራዥ ገባች። ጥይት መፍቻ በሆነችው መዶሻ ቋ፣ ቋ እያደረገች እርሳሱን ከቀለሃው ነቀለች፤ የእያንዳንዱን ባሩድ ለብቻው መዘነች። አንዱ በዛ፣ ሌላው አነሰ፣ ሦስተኛው ጭራሽ ጎደለ። ሚዛኑ ደህና ነው፤ መርፌው ጭረቱ ላይ ሲቆም ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሎይድ መርፌውን አያየውም! እሑድ እሑድ "ጋዜጣውን አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ደስ ይለኛል" የሚላት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ሃያውንም በትክክል መዝና እንደገና ሞላች፤ እንዳልነካ ሰው ወደ ሳጥናቸው መለሰቻቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ተኩስ ሜዳ ሄደው ሦስት ተኮሰች። ሎይድ እስከ ዒላማው በእግሩ ሄዶ ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሦስቱ ቀዳዳዎች ተነካክተዋል።

"ይኸው፣ ጥይትህ ምንም አልሆነም" አለችው ተከትላው። "እኔው ነኝ የፈራሁት።"

"ተይ እንጂ አርዲስ። ፈታሻቸው አይደል?"

"...ፈታኋቸው።"

"ስንቱ ተሳስቷል?"

ጥቂቱ ልትል አሰበች፤ አፏ እንቢ አላት። "ሁሉም።"

ሎይድ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። "ከካቻምና ጀምሮ በግምት ነው የምሞላው። ብነግርሽ ጠረጴዛውን ትወስጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"ጠረጴዛህ ገደል ይግባ! እኔ እመዝናለሁ፣ አንተ እርሳሱን ትተክላለህ። እጅህ መቼ ታወረ?"

"ወይ አንቺ፣ አፍሽ መቼም!" እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃም አቀርቅሮ ሣሩን ይነጭ ጀመር። "ታዲያ ተራራው ላይ... ብቻሽን ነው የምትወጪው?"

"ብቻዬን?" አለች አርዲስ እጇን ዘርግታ እያስነሳችው። "በጉን ማን ሊሸከምልኝ!"