ያልነበሩ ደሴቶች

አቤኔዘር የኮምፒውተር ጌሙን መሥራት ሲጀምር ዓይኑ ገና ደኅና ነበር። ቢያንስ ቤተሰቡ ደኅና ነው ብሎ ያስብ ነበር። አመሻሽ ላይ መንገድ ሲሄድ ከሰው ጋር ይላተማል፤ ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ላይ ሲወጣ ደረጃውን ይስታል። እናቱ ርብቃ ግን "ሐሳብ ይዞት ነው፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው" ብላ ታልፈዋለች። ታናሽ እህቱ ሚልካም ብትስቅበት እንጂ ክፉ ነገር አልጠረጠረችም።

ሦስቱ የሚኖሩት ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ፣ ምድር ቤቱ የመጋረጃ ሱቅ በሆነ ሕንፃ ላይ፣ በሁለት ክፍል ቤት ነበር። ርብቃ ልጆቿን ይዛ ናይሮቢ ስትገባ ሚልካ ገና ጡት አልጣለችም። ሁለቱም እዚያው አደጉ፣ እዚያው ተማሩ። አቤኔዘር ኮምፒውተር አጥንቶ ለነጋዴዎች ድረ ገጽ እየሠራ ይተዳደራል፤ ሚልካ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠርግ ካርድና የሱቅ ማስታወቂያ ትነድፋለች። ጌሙ ግን የሁለቱ ነበር።

የድሮ ዓይነት ጌም ነው። ሰዎቹ ከትንንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች የተሠሩ፣ ሙዚቃውም ጢው ጢው የሚል። ወንጭፍ የያዘች አንዲት ልጅ ከመንደሯ የተሰረቀ ደወል ፍለጋ ትወጣለች፤ ዋሻ ትበረብራለች፣ ከጭራቅ ጋር ትጋጠማለች። ልዩ የሚያደርገው ምድሩ ነው። ምድሩን አንድ በአንድ የሣለው ሰው የለም። ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ አዲስ ዓለም ይፈጥራል፤ ደሴቱን፣ ወንዙን፣ ጫካውን፣ ከተማውን እንደ አዲስ ይደለድላል። ልጅቷ ከሞተች ያ ዓለም አብሯት ይጠፋል፤ ሁለተኛ አይገኝም። አቤኔዘር ዓለሙ የሚፈጠርበትን ሕግ ይጽፋል፤ ሚልካ ደግሞ ቁርጥራጩን ትሥላለች፤ አንድ ሣር፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ የቤት ጣሪያ። የቀረውን ኮምፒውተሩ ይገጣጥመዋል።

"እኔው የሠራሁት ጌም እኔኑ ያስደንቀኛል እኮ" ይላት ነበር አቤኔዘር። "ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?"

በሽታው ሲታወቅ ግን ብዙ ርቆ ሄዶ ነበር። በዘር የሚመጣ ነው አሉ ሐኪሙ። የዓይኑ የኋላ ክፍል እየሞተ ነው፤ ዙሪያው ይጠፋል፣ መሐሉ ብቻ ይቀራል፣ በመጨረሻም መሐሉ ይከተላል። መድኃኒት የለውም። ርብቃ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ አስጸለየችለት፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው አለቀሱ። አቤኔዘር "አሜን" አለ፤ ቤት ሲገባ ላፕቶፑን ከፈተ።

"የቀረኝን ዓይን እዚህ ላይ ልጨርሰው" አላት ሚልካን።

በዚያው ዓመት አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ሠራ። ለሰው የሚሠራውን ሥራ አቆመ፤ ፊደሉን እያተለቀ፣ እያተለቀ፣ በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ ጻፈ። የመጨረሻው ለውጥ ዓለሞቹን ማስፋት ነበር። ደሴቶቹ እንዲበዙ፣ ተራራዎቹ እንዲረዝሙ ፈልጎ ነበር። ጽፎ ጨረሰው፤ ግን አላየውም። እንደ ጨረሰ መሐሉም ጠቆረበት።

ሐምሌ ነበር፤ ናይሮቢ ፀሐይ የማታይበት ወር። ሚልካ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ መርምረው ሲያበቁ እስካላመመው ድረስ ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልገውም አሉ። ይኼንኑ በደግ ድምፅ ነው የተናገሩት። በመመለሻው ማታቱ ውስጥ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥስ ነበር። ቤት እንደ ገቡ አቤኔዘር ካፖርቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ።

"ሚልካ፣ ጌሙን ክፈቺውና ንገሪኝ። ያቺን የመጨረሻዋን ለውጥ ከጻፍኩ ወዲህ ማንም አላየውም።"

ከፈተችው፤ የላፕቶፑ ድምፅ ተዘግቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ ዓለሙን አወጣው። ውኃ ነበር። ልጅቷ ከእግሯ በማይሰፋ ዓለት ላይ ቆማለች፤ ከዚያ በቀር በአራቱም ማዕዘን ግራጫ ሰማያዊ ውኃ ነው። ሚልካ ዘጋችና እንደገና ከፈተች። ውኃ። እንደገና። ያው ውኃ።

"ምን ይታይሻል?" አለ።

ቀና ብላ አየችው። ፊቱን ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ይጠብቃል። ያን ዕለት የሰማው ይበቃዋል ብላ አሰበች። ነገ እነግረዋለሁ አለች በልቧ።

"ደሴት" አለችው።

"ትልቅ ነው?"

"ትልቅ ነው። ከተራራው ፏፏቴ ይወርዳል። ከሥሩ ጫካ አለ… ከጫካው ወዲያ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ከተማ ተሠርቷል፤ ጣሪያው ሁሉ ቀይ ነው።"

"ገደል አፋፍ ላይ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። "እንደዛ ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር እኮ! ቀጥዪ፣ ቀጥዪ።"

ቀጠለች። በማግስቱም ቀጠለች።

ከሥራ በተመለሰች ቁጥር ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ይጠብቃታል። የጌሙን ድምፅ ለመስማት ሲጠይቃት ስፒከሩ ተበላሽቷል አለችውና ኢየርፎን ሰካች። አንዱ ውሸት ሌላውን ይወልዳል፤ እየዋለ እያደረ ደግሞ ጎበዝ ሆነችበት። ማተሚያ ቤት ተቀምጣ የሙሽሮች ስም ስታሰማምር የዛሬውን ዓለም ታስባለች። ሐይቅ ላይ የተሠራ ገበያ ፈጠረች፤ የተቃጠለ ጫካ ፈጠረች፤ አንድ ቀን ከርቀት ሲያዩት ተራራ የሚመስል፣ ሲጠጉት ግን የሚተነፍስ ፍጥረት ነገረችው፤ እሱም "ያን እኔ አልጻፍኩትም" ብሎ በጣም ሳቀና "ከሕጉ ውስጥ እንዴት ወጣ?" እያለ ሲገረም አመሸ።

ርብቃ አንድ ቀን ልብስ ልትወስድ ገብታ ከልጅዋ ኋላ ቆመች። ሚልካ ስለ ጽድ ደን ታወራለች፤ ስክሪኑ ላይ ውኃ አለ። ርብቃ ልብሱን ይዛ ወጣች። ኋላ ሚልካ ወጥ ቤት ስትገባ እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"ይኼ ነገር ኃጢአት ነው፣ ልጄ" አለች ቀና ሳትል።

"አውቃለሁ፣ እማ።"

"በዚህ ቤት በውሸት አላሳደግኋችሁም።" ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ግን ዛሬ ምሳውን ጨርሶ በላ።"

ሁለቱም ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሡትም።

ሚልካ ሳትጨነቅ ቀርታ አይደለም። ኮድ የሚያውቅ ሰው በድብቅ ላሳይ ብላ አስባ ነበር፤ ግን የአቤኔዘርን ሥራ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ሰው መክፈት ሌላ ክህደት መሰላት። ደግሞ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደ ሆነ ብታውቅስ ምን ትለዋለች? የነገርኩህን ሁሉ ከልቤ ፈጥሬው ነው ልትለው? ነገ፣ ነገ እያለች ቆየች።

አንድ ቅዳሜ አቤኔዘር "ዛሬ ሳውዝ ሲ እንሄዳለን፣ ጃፈር ጋ" አላት። ጃፈር አብሮት የተማረ የሐረር ልጅ ነው፤ ሳውዝ ሲ ውስጥ ወጣቶች የሚጫወቱበት የጌም ቤት አለው።

"ምን ልናደርግ?"

"ስንደርስ ታዪዋለሽ" ብሎ እንደ ሕፃን ፈገግ አለ። መንገዱን ሙሉ ክንዷን ይዞ እያፏጨ ነበር።

ሲደርሱ ቤቱ ሞልቷል። ጃፈር ወጥቶ አቀፈው፤ ሚልካንም "እንኳን ደስ ያለሽ!" አላት። ትልቁ ስክሪን ላይ ራሷ የነደፈችው የጌሙ ርዕስ በርቷል።

"አንቺ ሥራ ስትሄጂ ጃፈር መጥቶ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ወሰደው" አላት አቤኔዘር ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። "ለአንቺ ብዬ ነው። ያን ሁሉ ዓለም ብቻሽን ስታዪው አዘንኩልሽ። ዛሬ ሰው ይየው።"

ሚልካ ክንዱን ያዘች። "አቤ፣ ቆይ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንውጣ…" አለች። እሱ ግን አልሰማትም፤ ጃፈር ወንበር ስቦ አስቀምጦታል፤ አንዲት ተማሪ መቆጣጠሪያውን ይዛለች፤ ሙዚቃው ጢው ጢው ማለት ጀምሯል። ከትልቁ ስፒከር የባሕር ድምፅ ወጣ።

ከዚያ አንዱ ሳቀ።

"ማጂ ቱ!" አለች ተማሪዋ በስዋሂሊ፤ ውኃ ብቻ ማለቷ ነው። ዘግታ እንደገና ከፈተች። "ሳሳ? ባዶ ማጂ ቱ!" አለች፤ አሁንም ውኃ ብቻ።

"የት ነው መሬቱ? የዋና ጌም ነው እንዴ?" አለ ሌላው፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ክፋት አልነበረባቸውም። ጃፈር ብቻ ወደ ሚልካ ዞሮ ፊቷን አየና መሳቁን ተወ።

አቤኔዘር እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጥ ነበር። ዓለሙ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ በየጊዜው ያው የውኃ ድምፅ። ከዚያ ተነሣ። በሩን በእጁ ፈለገ፤ ሚልካ ልትይዘው እጇን ብትዘረጋ ክንዱን ቀስ አድርጎ አሸሸባት።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እሷ ቆመች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላት።

"ከሐኪም ቤት ከተመለስንበት ቀን።"

"አንድም ደሴት አልነበረም?"

"አልነበረም።"

"ገደሉ ላይ ያለው ከተማስ?"

"እኔ ነኝ፣ አቤ።"

"የሚተነፍሰው ተራራ?"

ታለቅስ ነበር። ማታቱዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፤ ከውስጥ ጃፈር ልጆቹን ሌላ ጌም እያስከፈታቸው ነው።

"ሚልካ" አላት በመጨረሻ፤ ድምፁ ቁጣ የለበትም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። "ባግ፣ የኮድ ስሕተት ነበረ እኮ። ባግ ይስተካከላል። ካለኝ ነገር ሁሉ መስተካከል የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። እሱንም ደበቅሽኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃፈር ይመላለስ ጀመር። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ጫነለት። ቤቱ በዚያ የብረት ድምፅ ተሞላ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቅንፍ፣ ነጥብ፣ ቁጥር እያለ ያነባል፤ አቤኔዘር አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ለሚልካ እግዜር ይስጥሽ ይላታል፣ እንደምን ዋልሽ ይላታል፣ ሻይ ስትሰጠው ይቀበላል። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ቢሰድባት በወደደች። ርብቃ በመሐላቸው እየተመላለሰች ትጸልያለች፤ ለማን ምን እንደምትጸልይ ግን ራሷም የምታውቀው አይመስልም።

ስሕተቱን ሲያገኘው አንድ ዜሮ ሆኖ ተገኘ። የባሕሩን ከፍታ የሚወስነው ቁጥር ላይ፣ ያኔ ዓይኑ ሊጠፋ ሲል፣ ጣቱ ዜሮን ሁለቴ ነክቷል። ምድሩ ሁልጊዜም ነበረ፤ ተራራውም፣ ጫካውም፣ ከተማውም ከውኃው ሥር ተቀብረው ነበር።

ሚልካ ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ጃፈር ስክሪኑ ፊት ቆሞ "ያ አላህ!" ይላል። "ነይ፣ ሚልካ! ነይ እዪ!"

መጥታ አየች። ባሕሩ ወደ ቦታው ወርዷል። ደሴቶቹ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈዋል፤ እሷ በነጠብጣብ የሣለችው ሣር ሸለቆውን ሞልቶታል፤ ከአንድ ትልቅ ተራራ ወገብ ላይ ወንዝ ወጥቶ ለሁለት ይከፈላል፤ በሁለቱ ወንዞች መሐል ድልድይ የበዛበት ከተማ አለ። እሷ ከፈጠረችው ሁሉ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ አትችልም ነበር።

"አቤ" አለች ሳታስበው። "አቤ፣ ወንዙ እኮ ለሁለት ተከፍሏል። መሐሉ ላይ ከተማ አለ፣ በዙሪያው ድልድይ፣ ብዙ ድልድይ… ተራራው ደግሞ ጫፉ አይታይም፣ ከስክሪኑ ይወጣል…"

አቤኔዘር እንግዳ ሰው እንደሚያዳምጡ አድርጎ፣ በትሕትና፣ እስክትጨርስ ጠበቃት።

"እሺ" አላት። "ደስ ይላል።"

ከዚያ ፊቱን ጃፈር ወዳለበት አዞረ።

"እውነት ነው?"

ጃፈር አንዴ ሚልካን፣ አንዴ የቤቱን ወለል አየ።

"እውነት ነው" አለው።

ያኔ ነው አቤኔዘር ፈገግ ያለው። ሚልካ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እናቷ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።