ቁልፌ

«አባትሽ ነው?» አለች የበሩ ጠባቂ ጎንበስ ብላ።

ልጅቷ የሰውየውን እጅ ጭምቅ አድርጋ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው፤ የተተኮሰ ሱሪውን፣ አዲስ ጫማውን፣ ላብ ችፍ ያለበትን ግንባሩን። ከዚያ ወደ ጠባቂዋ ዞረችና ዓይኗን ሳታሽ፣

«አይደለም» አለች።

ጉድ ፈላ! ከኋላቸው ርችት ለማየት የቋመጠ ሕዝብ ተሰልፏል። ከፊታቸው የብረት አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ፣ ወንዙ ዳር ባለው ሣር ላይ፣ ቤተሰብ ሁሉ ልጁን አቅፎ ቁጭ ብሏል። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ብቻ» ይላል። ርችቱ ሊተኮስ የቀረው ሩብ ሰዓት ነው።

«ታዲያ ማነው?»

«ቁልፌ ነዋ!» አለች ልጅቷ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ እየገረማት።

ጠባቂዋ ቀና አለች። ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ደንዳና ሴት ናት፤ የቅድሙ ፈገግታዋ ጠፋ። «ወንድሜ፣ እስቲ ከሰልፉ ወጣ በል» አለችው፤ የልጅቷንም ትከሻ ያዝ አደረገች።

«የእናቷ ባል ነኝ፣ እህቴ» አለ። ንጹሕ ሰው ሲጠየቅ ለምን እንደ ሌባ እንደሚርበተበት እንጃ፤ ግን ይርበተበታል። «እናቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ዛሬ ተረኛ ስለሆነች ነው እኔ ያመጣኋት።»

«ደውልላታ።»

ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። መሪ ከጨበጠች ስልክ የማታነሳ ሴት ናት። ይህን ጠባይዋን ለሰው ሁሉ ሲያወራላት ኖሯል፤ ዛሬ ግን ምነው አንድ ቀን እንኳ ብታነሳ አሰኘው።

ጠባቂዋ እንደገና ጎንበስ አለች። «የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ የት ነው?»

«ቤት።»

«ቤት ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም። ግድግዳ ላይ ነው።»

ጠባቂዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ባልቴት «እኔን ልጄን!» አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ልጅቷ ግን ምንም አላመለጣትም። እውነቷን ነው። አባቷ ያረፈው ሳትወለድ ነው፤ የምታውቀውም ሳሎን ውስጥ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ነው። በቅርቡ ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ፎቶውን አውርዶ፣ መስታወቱን ወልውሎ፣ እንዳይጋደል ሦስት ጊዜ እያስተካከለ መልሶ የሰቀለው ደግሞ ይኸው ሰው ነው።

«ቁልፌ» ያለችው በሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስታ በሩ የተዘጋባቸው ቀን፣ ሰውየው ከመንገዱ ማዶ ካለችው ጠባብ የቁልፍ መሥሪያ ሱቁ ተጠርቶ መጣ። ልጅቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ወገቡ ላይ ቅጭል ቅጭል የሚለውን የቁልፍ ዘለላ አየች አየችና «ቁልፍ!» አለችው። በሩ በአምስት ደቂቃ ተከፈተ፤ ስሙ ግን በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ያልላላ ማጠፊያ ሊያጠብቅ መመላለስ ጀመረ። ማጠፊያው ሲያልቅበት ያለ ሰበብ መጣ። ከእናቷ ጋር ተጋብተው አንድ ቤት ከገቡ ዘጠኝ ወር ሆኗቸዋል። ልጅቷ ማታ ማታ የዘለላውን ድምፅ ገና ከታች ትሰማና «ቁልፌ መጣ!» ብላ በር ትከፍትለታለች።

ይህ ደስ ይለዋል። ግን ሰው ነዋ፣ ሌላም አማረው። «አባዬ» እንድትለው ፈለገ። ሳምንቱን ሙሉ ቁልፍ መቅረጫ ማሽኑ ላይ አጎንብሶ ንግግር ሲያጠና ከረመ። «ሚጢጢ፣ ርችቱን ወደድሽው? እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ...» እያለ ሲለማመድ የሁለት ደንበኞች ቁልፍ አበላሽቷል። ዛሬ ከቤት ሲወጣም ዘለላውን ትቶት ወጣ።

«ቁልፎችህን ረሳህ» አለችው ሚስቱ፣ ለሥራ ስትለባብስ።

«አልረሳሁም። ዛሬ ቁልፍ ሠሪ አይደለሁም። ዛሬ እጠይቃታለሁ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አየችው። «እንግዲህ ይቅናህ! ስትመለሱ በኔ አውቶቡስ ነው የምትሳፈሩት፤ ያኔ ትነግረኛለህ። እጇን እንዳትለቅ ብቻ።»

አሁን በሩ ላይ ቆሞ፣ ስልኩን ከፍቶ ለጠባቂዋ የሠርጋቸውን ፎቶ አሳያት። ልጅቷ በሁለቱ መካከል ቆማ ጥርሷን ብልጭ አድርጋለች። ጠባቂዋ ፎቶውን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ እጇንም ከልጅቷ ትከሻ ላይ አነሳች። ክፉ ሴት አልነበረችም።

«እኔማ አምኜሃለሁ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን አለቃዬ እዚያ ቆሞ ያፈጥብኛል፤ ‹አይደለም› ስትል ሰምቷታል።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ አለች። «ስሚኝማ፣ ጮክ ብለሽ ‹አባቴ ነው› በይና ግቡ። አንዲት ቃል ናት።»

ልጅቷ ወደ ሰውየው ቀና አለች። ዓይኗ ፈቃድ ይጠይቃል። ባለፈው ሳምንት ሰሃን ሰብራ «ድመቷ ናት» ስትል፣ ቤቱ ውስጥ ድመት እንደሌለ አስታውሶ፣ ሁለተኛ እንዳትዋሽ የመከራት እሱ ነው። አሁን ራሱን ነቅነቅ ቢያደርግላት ይበቃል። ዘጠኝ ወር የጠበቃት ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ግን እንዲህ አልፈለጋትም። እንደ መግቢያ ትኬት በር ላይ ተቆርጣ እንድትሰጠው አልፈለገም።

«ተይው ሚጢጢ» አላት። «ያልሽው ልክ ነው። እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከውጭ እናያለን።»

«ከውጭ እኮ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው!»

«ምን ይደረግ፣ ጀርባም ሰው ነው።»

ከአጥሩ ውጭ እግር መጣያ አልነበረም። ተጋፍተው ተጋፍተው አንድ የተዘጋ ጫማ ቤት ደጃፍ ላይ ቦታ አገኙ። መቼም ፈጣሪ ለዚህ ሰው ጣቶች ጥበብ ሲሰጥ ቁመቱን ረስቶታል፤ ልጅቷን ትከሻው ላይ ቢያወጣትም ከፊት ካሉት ረጃጅሞች ጋር እኩል ብትሆን ነው። በእግሩ ጣቶች ቆመ። አዲሱ ጫማ ተረከዙን ልጦታል።

የመጀመሪያው ርችት ተተኮሰ። ድው! ሰማዩ ቀላ፤ ሕዝቡ በአንድ አፍ ጮኸ። ልጅቷ ክው አለች፤ እግሮቿ አንገቱን እንደ ጉጠት ያዙት። ጆሮዋን ትይዛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ሁለት ትንንሽ መዳፎች የራሱን ጆሮዎች ግጥም አድርገው ደፈኑ።

«አይዞህ ቁልፌ» የሚል ድምፅ በመዳፎቿ መካከል ሾልኮ ተሰማው። «ጩኸት ብቻ ነው፤ አይነካህም።»

ሳቁም እንባውም እኩል መጣበት። ፊት ለፊቱ የሚታየው የአንድ ወፍራም ሰውዬ ኮት ብቻ ነበር።

«ምን ይታይሻል?» አላት።

«አረንጓዴ። ትልቅ ዛፍ ሆነና ረገፈ። አሁን ደግሞ ወርቅ... ሁለት ወርቅ! ኧረ ሦስት! አንዱ ሳይፈነዳ ወደቀ፣ ሲያሳዝን።»

«ሁሉም ይታይሻል?»

«ግማሹ። ሌላውን ግማሽ ገምቼ ነው የምነግርህ።»

ርችቱ አልቆ ጭሱ በወንዙ ላይ ሲሳብ፣ ሕዝቡ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ጎረፈ። ሰውየው ልጅቷን እንደተሸከመ ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን ነው፣ አለ በልቡ።

«ሚጢጢ፣ ርችቱን ወደድሽው?»

«በጣም!»

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ...»

«አባዬ!» የሚል የልጅ ጩኸት ከግራ በኩል መጣ። ሃያ ሠላሳ ወንድ በአንዴ ዞረ። እሱም ዞረ፤ ሳያስበው፣ አንገቱ ቀድሞት። አንድ ሕፃን እየሮጠ መጥቶ የአንድ ረጅም ሰው እግር ላይ ተጠመጠመ፤ የቀሩት ወንዶች መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«አንተ ለምን ዞርክ?» አለችው ከላይ። «አንተን እኮ አይደለም።»

ፊቱ ጋለ። እንኳንም አልታያት። «እንዲያው፣ ድምፅ ሰምቼ ነው።»

ጥቂት ሄዱ። ልጅቷም፣ «‹አባዬ› ሲባል ሁሉም ነው የሚዞረው» አለች።

«አዎ፣ አባት ብዙ ነው።»

«‹ቁልፌ› ቢባልስ?»

«ማን ይዞራል ብለሽ ነው?»

«አንተ ብቻ ነሃ!» ጭንቅላቱን መታ መታ አደረገችው። «ብንጠፋፋ በእሱ ነው የማገኝህ። ዛሬማ ደግሞ ቅጭል ቅጭልም አትልም። ለዚህ እኮ ነው እጅህን ጭምቅ አድርጌ ይዤ የነበረው። ቅድም ምን ልትለኝ ነበር?»

ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ያጠናውን ንግግር ፈለገው፤ ነበረ፣ አንድም ቃል አልጠፋም።

«ረሳሁት» አላት።

የእናትየዋ አውቶቡስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ማቆሚያው ላይ ቆሟል። ልጅቷ ከትከሻው ወርዳ ገባች፤ እናቷ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ጉንጯን ሳም አድርጋ አሳለፈቻት። ልጅቷም በሰው እግር መካከል ሾልካ ወደ ኋላ ሮጠች። እናትየዋ ወደ ባሏ ጎንበስ አለች።

«እህስ? ጠየቅካት?»

አፉን ከመክፈቱ በፊት ከአውቶቡሱ መጨረሻ፣ ከጫጫታው ሁሉ በላይ፣ ጩኸት መጣ። «ቁልፌ! ና፣ ቦታ ይዤልሃለሁ!»

ተሳፋሪው ግራ ተጋባ፤ ደንግጠው ኪሳቸውን የዳበሱም ነበሩ። የዞረ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

«መጣሁ!» አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ተመለሰና፣ «ተውኩት» አላት። «ቁልፎቼ ምስማሩ ላይ ናቸው አይደል?»

«አልነካኋቸውም።»

«ከነገ ጀምሮ በበዓል ልብስም ቢሆን ታጥቄያቸው ነው የምወጣው» አለና፣ እያነከሰ፣ ወደተያዘለት ቦታ ሄደ።