ከዚህ ግማሽ፣ ከዚያ ግማሽ

ሐኪሙ ነገሩን በደንብ አስረድቷታል፤ አልሰማሁም ማለት አትችልም። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቫይረስ ያመጣው የሳንባ ምች ጥሏቸው፣ ጎን ለጎን አልጋ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶላቸው ተኝተዋል። የተቆጣ ሳንባን የሚያበርድ አዲስ ክኒን እየተሞከረ ነው። ከታማሚዎቹ ግማሾቹ እውነተኛውን፣ ግማሾቹ መልኩ ከእሱ የማይለይ ባዶ ክኒን ይወስዳሉ።

«ለየትኛው ልጄ የትኛው ደረሰው?» አለች ልብስ ሰፊዋ እናት።

«እኛም አናውቅም እናቴ። ዕጣ ነው። የሚከፈተው ጥናቱ ሲያልቅ ነው።»

ለሁለቱም ፈረመችላቸው።

ዕጣ ብሎ ነገር! ዕድሜዋን ሙሉ ለእነዚህ ልጆች እኩል ስታካፍል የኖረች ሴት ናት። ከአንድ ጣቃ ሁለት ሸሚዝ ስትሰፋ፣ የአንዱ እጅጌ የጣት ያህል ከረዘመ ቤቱ ይታመስ ነበር። ትልቁ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ ነጥቆ ይለካና «አላልኩም? ለእሱ ታደያለሽ» ይላታል። ዛሬ ሁለቱም ለጭቅጭቅ የሚሆን ትንፋሽ የላቸውም። ያ ጭቅጭቅ በስንት ጣዕሙ አለች።

ነርሷ አንዷ ለሃያ አልጋ ናት። ክኒኖቹን ቁጥር በተጻፈባቸው ሁለት ኩባያዎች ታስቀምጥና «እማማ፣ እርስዎ ያጉርሷቸው፣ አደራ» ብላ ወደ ሌላው በሽተኛ ትሮጣለች። እናትየው ሁለቱንም ክኒን በጥፍሯ መሃል ለመሃል እየሰበረች፣ ከዚህ ግማሽ ከዚያ ግማሽ አድርጋ ለሁለቱም አጎረሰቻቸው። እውነተኛው የማንም ይሁን የማን፣ ሁለቱም ይቀምሱታል። ተንኮል አልነበረም፤ አንዱ ልጇ በባዶ ሲቀር አንጀቷ አልችል ብሎ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት አንድ ቀን ትንሹ፣ በጭንብሉ ውስጥ።

«ዝም ብለህ ዋጥ።»

ክኒኑ በተጀመረ በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ትልቁ ሞተ። ነርሷ ጭንብሉን ስታወልቅለት ጉንጩ ላይ የማሰሪያው ምልክት ቀረ። እናትየው የተጨማደደ ጨርቅ እንደምታቃና ሁሉ ምልክቱን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው፤ አልጠፋም። ከዚያ ወዲያ ለትንሹ የራሱን ክኒን ሙሉውን ሰጠችው። የምታካፍለው አልነበራትም።

ትንሹ ዳነ። ከወራት በኋላ ለምርመራ ሲቀጠር አብራው ሄደች። ዕጣው ተከፍቶ ኖሯል። ሐኪሙ ሊያጽናናት አስቦ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«ለትልቁ ልጅዎ የደረሰው እውነተኛው ነበር፤ የቀረበት ነገር የለም። ይኸኛው ግን ባዶውን እየወሰደ በራሱ ጉልበት ነው የዳነው።»

ክው አለች። ትንሹ ቀስ ብሎ ዞሮ አያት፤ ሁሉም ነገር ገባው።

«ጽፋችሁታል?» አለች እንደምንም።

«አዎ። መድኃኒቱን ወስደው ከሞቱት ጋር ነው የተቆጠረው።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ልጇ እንኳ ክንዷን ያዝ አድርጎ «እማዬ፣ እንሂድ» አላት። አልተነሳችም።

«ከዚያ መዝገብ ልጄን አውጡት። ሙሉውን አልወሰደም። ግማሹን እየነሳሁ ለዚህ አጉርሼበታለሁ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስንት ቀን?»

«አምስት ቀን። ሙሉውን ቢወስድ ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም እናቴ» አለ ሐኪሙ።

ራሷን ነቀነቀች። ትንሹ ክንዷን አልለቀቀም፤ እሷ ግን ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

«ለእሱ ታደያለሽ ይለኝ ነበር» አለች። «እውነቱን ነው።»