በቢላዋ እጅ የታሰረ ሰዓት

ቢላዋው ከላጲሶ እጅ ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና የማድ ቤቱን ሰው ሁሉ አስደነገጠ።

"በስመ አብ!" አለች ጎመን የምትከትፈው ብርኽቲ እግሯን ሰብስባ። "ጋሽ ላጲሶ፣ ዛሬ ደግሞ የኔን እግር ልትከትፈው ነው?"

"ያንቺ እግር ጅማት ብቻ ነው፣ ማን ይበላዋል?" አለና ጎንበስ ብሎ ቢላዋውን አነሳ።

ቀልዱ ከአፉ ይውጣ እንጂ ልቡ ደንግጧል። ሃያ ሁለት ዓመት ሥጋ ሲከትፍ ቢላዋ ከእጁ ወድቆ አያውቅም። ወሎ ሰፈር ውስጥ ክትፎ ቤት ሞልቷል፤ ላጲሶ የከተፈውን ግን ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ሳይቸገር ይውጠዋል ይባላል። ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ላጲሶ ነው። ቢሆንም ውሸት አይደለም፣ ደንበኛው ይመሰክራል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ደግሞ ክትፎ ቤት መፈናፈኛ የለም፤ በማግስቱ የሚጾመው ሁሉ የዓርቡንም ጭምር ዛሬ በልቶ ለማደር የተማማለ ይመስላል። ከውጭ "ሁለት ልዩ፣ አንድ ለብለብ!" የሚለው የአስተናጋጆች ድምፅ አያቋርጥም። ላጲሶ ቢላዋውን አጥቦ እንደገና ጨበጠው። አውራ ጣቱ ግን እምቢ አለ። ደንዝዟል። ከአንጓው ተነስቶ እስከ ክርኑ የሚወጣው ቁጥቆጣ ደግሞ ጥርሱን አስነከሰው።

"ያንን ነገር ለምን አታወልቀውም?" አለች ብርኽቲ በአገጯ ወደ ቀኝ እጁ እያመለከተች።

ያ ነገር ሰዓት ነው። ቅቤ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ፣ በፌስታሉም ላይ ላስቲክ አስሮበታል።

"ሰዓቱ ምን አደረገሽ? ብርድ ነው የመታኝ።"

"ከምድጃ አጠገብ ቆመህ ምን ብርድ አገኘህ? ደግሞስ ሰዓት በቀኝ ሲታሰር የት ነው ያየኸው?"

"እኔ ጋ አየሽዋ" አለና ሥጋውን መደብደብ ጀመረ። ብርኽቲን ዝም ማሰኘት ያውቅበታል። እጁን ዝም ማሰኘት ነው ያቃተው።

የሰዓቱ ነገር እንዲህ ነው። ከአራት ወር በፊት ላጲሶ ስኳር እንዳለበት ታወቀ። ሐኪሙ ክኒን ሰጠውና በቀን ስምንት ሺህ እርምጃ ካልሄድክ ክኒኑ ብቻውን አይበቃህም አለው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ማታ የሚያምረው መቀመጥ ነው፤ ላጲሶም ሰው ነው። ልጁ ቤቴል ግን የዋዛ አይደለችም። መድኃኔዓለም አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከደመወዟ አጠራቅማ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ገዛችለት፣ ከስልኳም ጋር አገናኘችው። "አባዬ፣ ላላ ካለ አያነብም፤ ጠበቅ አድርገህ እሰረው" ብላ ራሷ በግራ እጁ አሰረችለት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓቱ ሁለት ሺህ ይላል፣ ሲበዛ ሦስት ሺህ። ማታ ማታ ቤቴል ትደውላለች። "አባዬ፣ ምነው?" ትላለች። ሌላ ነገር አትጨምርም፤ ግን ያቺ "ምነው" የላጲሶን አንጀት ትበላዋለች።

አንድ ቀን የፈላ ቅቤ ግራ እጁን አቃጠለውና ሰዓቱን ወደ ቀኝ አዛወረው። የዚያን ዕለት ቤቴል ደውላ ጮኸች። "አሥራ አራት ሺህ! አባዬ፣ አሥራ አራት ሺህ ሄደሃል! ጌታ ይባረክ!" ላጲሶ ግራ ገባው። ከማድ ቤት ወጥቶ የሄደው እስከ ታክሲ ድረስ ነው። በማግስቱ እየከተፈ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ ሲያይ ነገሩ ተገለጠለት። ቢላዋው ባረፈ ቁጥር ቁጥሩ ይሮጣል። ሰዓቱ የእጁን እንቅስቃሴ እርምጃ እያለ እየቆጠረለት ነው።

ያኔውኑ መናገር ነበረበት። "ነገ እነግራታለሁ" አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የላጲሶ ውሸት ግን እያደር የሚከብድ ሆነ። ቤቴል የጎረቤቱን አባት ሁሉ እሱን ምሳሌ እያደረገች መውቀስ ጀመረች። ባለቤቱ አሰፋሽ ደግሞ አንድ እሁድ ቸርች ውስጥ ማይክ ተቀብላ "ጌታ ለባለቤቴ የሚዳቋ እግር ሰጠው!" ብላ መሰከረች። ጉባኤው በጭብጨባ ቀለጠ። ላጲሶ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ "አሜን" አለ። ምን ይበል?

ከዚያ ወዲያ ሰዓቱን ከቀኝ እጁ ማውረድ አልተቻለም። ቆጠራው እንዳይዛባ አንድ ቀዳዳ አጠበቀው። በላብ፣ በሳሙናና በጮማ ከፌስታሉ ሥር ታፍኖ ሲውል ቆዳው ቀላ፣ ከዚያ ያሳክከው ጀመር፣ ከዚያ አውራ ጣቱ ደነዘዘ። ዛሬ ደግሞ ቢላዋው ወደቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሐኪም ቀጠሮ ነበረው። ቤቴል የፋርማሲ ጋውኗን እንደለበሰች ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀችው። ፌስታሉን ከመግባቱ በፊት ፈትቶ ኪሱ ከቶት ነበር።

"ዛሬ ገና በዘጠኝ ሰዓት አሥራ አንድ ሺህ ሞልተሃል'ኮ!" አለችው ጉንጩን ስማ። "ዶክተሩ ዛሬ ሰርተፊኬት ነው የሚሰጥህ።"

ዶክተር መሐሪ ወጣት ነው፤ ገና ሲናገር በሽተኛውን የሚያከብር ዓይነት። የምርመራውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበና መነጽሩን ከፍ አደረገ።

"አቶ ላጲሶ፣ ስኳርዎ አልወረደም። እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል።"

"እንዴት ይሆናል?" አለች ቤቴል ከላጲሶ ቀድማ። ስልኳን አወጣች። "ዶክተር፣ ይዩት እስቲ። በቀን አሥራ አምስት ሺህ ይሄዳል። ሦስት ወር ሙሉ!"

ዶክተሩ ስልኩን ተቀብሎ አየ። "እኔ ራሴ አምስት ሺህ ሞልቼ አላውቅም" አለ በመገረም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲህ ክኒኑን እየዋጡ፣ ይህን ያህል እየሄዱ ካልወረደ የሚቀረን መርፌ ነው። ኢንሱሊን እንጀምራለን። የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ብዙ ሰው እየወጋ ሥራውን ይሠራል።"

ቤቴል ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ" አለች። "እግሩን ብቻ ሳይ ምግቡን አልተከታተልኩም። እማዬን ስንት ጊዜ ልናገራት እያልኩ…"

ላጲሶ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። መርፌውን ይፈራዋል፣ አይካድም፤ የበሬ ሽንጥ እያወራረደ የሚውል ሰው መርፌ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ከመርፌው በላይ ግን የልጁ እንባ አቃጠለው። ያጠፋው እሱ፣ ተወቃሿ እሷ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ዶክተሩ ስልኩን በጣቱ እያንሸራተተ። "ረቡዕ ሁለት ሺህ። ዓርብ ሁለት ሺህ። ያለፈውም ሳምንት እንዲሁ። አቶ ላጲሶ፣ ይጾማሉ እንዴ? በጾም ቀን አቅም ያንስዎታል?"

ቤቴል በእንባዋ መሐል ሳቀች። "ዶክተር፣ እኛ ጴንጤዎች ነን።"

"ታዲያ እግራቸው ረቡዕና ዓርብ ለምን ያርፋል?"

"የጸሎት ፕሮግራም አለው። ከሥራ በቀጥታ ወደዚያ ስለሚሄድ ነው።"

ይህን የነገራት ራሱ ነው። በአንድ ረቡዕ ማታ ጠይቃው፣ ሌላ መልስ ቢጠፋው ጸሎትን ምክንያት አደረገ። አሁን እሷ ምንም ሳትጠራጠር ለሐኪም ስትናገረው ሲሰማ ፊቱ ጋለ። ዶክተሩ ራሱን ነቅንቆ የመርፌውን ማዘዣ መጻፍ ጀመረ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

"ዶክተር፣ አይጻፉ" አለ ላጲሶ።

ጠረጴዛው ላይ ጉልበት የሚመታባት የጎማ መዶሻ ነበረች። በቀኝ እጁ አነሳት። "ቤቲ፣ ነይ ሰዓቱን እዪ። ስንት ይላል?"

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"ስንት ይላል አልኩሽ?"

"አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ።"

ላጲሶ የጠረጴዛውን ጠርዝ እንደ መክተፊያ ይመታው ጀመር። ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ፍጥነት። ከውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ንግግራቸውን አቋረጡ። ዶክተሩ አፉን ከፍቶ ያያል። መቶ ያህል ጊዜ እንደመታ ጣቱ ከዳውና መዶሻዋ መሬት ላይ ወደቀች።

"አሁንስ?"

ቤቴል ሰዓቱን አየች፣ አባቷን አየች። "ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት" አለች።

"ከወንበሩ አልተነሳሁም" አለ ላጲሶ። "ረቡዕና ዓርብ ቁጥሩ የሚያንሰው ሰዉ ስለሚጾም ነው። ሥጋ አይከተፍም። ጸሎት የሚባል የለም፤ ዋሽቼሻለሁ።"

ዶክተሩ ሳቁ አምልጦት ነበር፤ የቤቴልን ፊት ሲያይ ዋጠው። ከዚያ የላጲሶን እጅ ስቦ ማሰሪያውን ፈታ። ቆዳው ዙሪያውን ቀልቶ፣ ቦታ ቦታው ውኃ ቋጥሮ፣ የማሰሪያው ቅርጽ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። በጣቱ ሲነካው ላጲሶ "ብርድ ነው የመታኝ" ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ይሄ ብርድ አይደለም" አለ ዶክተሩ። "ወደ አውራ ጣት የሚሄድ ነርቭ እዚህ ላይ ያልፋል። ማሰሪያው ተጭኖት፣ እርስዎ ደግሞ በላዩ ቀኑን ሙሉ እየመቱበት ነው የከረሙት። እስኪያገግም ቢላዋ አይያዝም፣ አሥር ቀን። ሰዓቱ ቆዳው እስኪድን አይነካዎትም። ከዚያ በኋላ በግራ እጅ፣ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ትተው፣ ማድ ቤት ሲገቡ እያወለቁ።"

"መርፌውስ?"

"መርፌውማ በሰዓቱ ውሸት ተሸክመውት ቤት ሊገቡ ነበር" አለና የጀመረውን ወረቀት ቀደደው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እርስዎ ጭራሽ ሯጭ ነኝ ብለው መጡ። ሦስት ወር በእውነተኛ እግርዎ ይሂዱና እንይ። ካልወረደ ያኔ እንወስናለን።"

ቤቴል ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀድማ ወጣች። ላጲሶ የደረሰባት አስፋልቱ ዳር ነው።

"ቤቲ።"

"እማዬ ሕዝብ ፊት ቆማ መስክራለች'ኮ አባዬ!"

"ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ለጉባኤውም ካስፈለገ ራሴ ቆሜ እናገራለሁ።"

"እሱስ ይሁን። እርምጃውም ይሁን። እጸልያለሁ አልከኝ! እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አባዬ ጸሎት ላይ ነው ብዬ አልደውልልህም ነበር። እንዳልረብሽህ!" አሁን እያለቀሰች ነው፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያያል።

ላጲሶ ባዶ አንጓውን በግራ እጁ ሸፈነው። "ስትደሰቺ ድምፅሽ ይጥመኝ ነበር" አለ። "ሌላ ምክንያት የለኝም ልጄ። አጠፋሁ።"

ቤቴል በጋውኗ እጅጌ ፊቷን ጠረገች። አላቀፈችውም። "ፋርማሲ ሰው ይጠብቀኛል" አለች። ትንሽ ሄዳ ግን ዞረች። "እጅህን በሳሙና እንዳትነካው። ቅባቱን ማታ ይዤ እመጣለሁ።"

"እሺ።"

እስክትሰወር ቆሞ አያት። ከዚያ ለክትፎ ቤቱ ባለቤት ደውሎ አሥር ቀን እንደማይከትፍ ነገራት። ሴትዮዋ "ሞትኩ!" ብላ ጮኸች፤ ላጲሶም ከአሥር ቀን በኋላ ትነሻለሽ አላት። ይህን ሲል የድሮ ድምፁ ትንሽ መለስ አለ።

ሥራ የሚወጣበት ሰዓት ደርሶ የታክሲው ሰልፍ ተጥመልምሏል። ላጲሶ ጫፉ ላይ ሊቆም ሲል ወደ ሰፈሩ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ አጠገቡ ቆመ። "ሚካኤል! ሚካኤል የሞላ! ጋቢና አንድ ሰው!" ይላል ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ። በዚህ ሰዓት ጋቢና ማግኘት ሎተሪ ነው። ላጲሶ በሩን በግራ እጁ ከፈተ፤ አንድ እግሩንም አነሳ። ቀኝ እጁ ባዶ ነው። ቢገባ የሚያውቅበት የለም፣ በእግሩ ቢሄድም የሚቆጥርለት የለም።

እግሩን መለሰ።

"ፋዘር፣ ይግቡ እንጂ! እስከ ሚካኤል በእግር ሊገፉት ነው?"

"እስቲ እናያለን" አለ ላጲሶ፤ በሩን ዘጋለትና መንገዱን ያዘ።