ፈንታ ይግባ

አባ ወልደ ገብርኤል ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል የፈንታን እጅ ጭብጥ አድርገው ያዙና፣ «ፈንታ ይግባ… ውሃው እንዳይቀር» ብለው አረፉ። ጎጆዋ ውስጥ ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም። ቃሉን ዋጠው። ዋጠው እንጂ አልወረደለትም።

አባ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጭጋግ የማይለየው ገደል ሥር፣ ከዋሻ የሚወጣውን የገብርኤልን ውሃ ሲጠብቁ የኖሩ መናኝ ነበሩ። ሰዉ ከላይ ይጠመቅበታል፣ ከታች ይጠጣዋል። ዋሻው ግን ጠባብ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በደለል ይታፈናል። ሰው በደረቱ እየተሳበ ገብቶ ካልጠረገው ውሃው ይጠፋል። ባገሩ ደንብ ደግሞ ዋሻውን የተረከበ ሰው ቆብ ይደፋል፤ አያገባም፣ ገበያ አይወርድም፣ እዚያችው ጎጆ ኖሮ እዚያው ይቀበራል።

ፈንታን ደብረ ማርቆስ አጎቱ ጎሚስታ ቤት ሥራ ይጠብቀው ነበር። ጎማ እየለጠፈ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ። ለአባ በሶና እንጨት ሲያመላልስ የኖረው ስለሚወዳቸው እንጂ ሊተካቸው አስቦ አይደለም። በሕይወቱ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመኪና መሪ መጨበጥ።

አንድ ቀን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የእነ የኔአለምን ድንች ሲያወጡ ዋሉ። የኔአለም የጎረቤት ልጅ ናት፣ አብረው ነው ያደጉት። ደመላሽ ደግሞ ዲማ ወርዶ ሁለት ዓመት ቅኔ ተምሮ የተመለሰ፣ አፉ የማይያዝ ልጅ ነው።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለችው የኔአለም። «ድንቹን ትተህ አፈሩን ነው እኮ የምትለቅመው።»

አልቻለም፤ ነገራቸው። የኔአለም ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች። ደመላሽ ግን ዶማውን ወርውሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ኧረ አንተ ጅል! አባ እኮ ቅኔ አዋቂ ናቸው። ‹በእኔ ፈንታ ሰው ይግባ፣ ምትክ ይፈለግ› ማለታቸው ነው። ሰሙን ታቅፈህ ወርቁን ጣልከው!»

«ስሜን ነው የጠሩት።»

«ስምህስ ምንድን ነው? እናትህ በሞተው ወንድምህ ምትክ ስትወለድላት ያወጣችልህ አይደል? እሳቸው ምትክ አሉ፣ አንተ አቤት አልክ! በል ሂድና ጎማህን ለጥፍ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ታዲያ ዲማ ድረስ ሄጄ በውሻ የተነከስኩት ለምኑ ነው?»

ፈንታ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ለሰው እንዳይናገሩ አስማላቸው። «ገብርኤልን!» አለ ደመላሽ። «እኔ ልሙት!» አለች የኔአለም። ያን ቀን ፈንታ እንደ ሕፃን ተኛ።

ክረምቱ ሲወጣ ውሃው እንደ ክር ቀጠነ። በሰንበቴው ዕለት፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር፣ መሪጌታ ታረቀ ከላጤዎቹ አንድ ሰው ለዋሻው እንዲወጣ ጠየቁ።

«ቶሎ በሉ እንጂ መሪጌታ!» አሉ እማማ ሽታዬ፣ በጨርቅ የታሰረ ጉልበታቸውን እያሹ። «ጀሪካን ይዤ ገደል ስወርድ አንድ ቀን እኔው እደፋለሁ!»

ሰው ሳቀ። ከሳቁ መሀል አንዱ፣ «ዲማ የተማረ ልጅ እያለን ምን ፍለጋ ነው?» አለ። ዓይን ሁሉ ደመላሽ ላይ አረፈ።

ደመላሽ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠና ወደ የኔአለም አየ። እሷም አየችው። ፈንታ ያንን አስተያየት ያዘው፤ አብሮ አደግ እንደዚያ አይተያይም። እስከዛሬ አለማየቱ ገረመው።

«አባቶቼ፣ ለእኔማ ደስታዬ ነበር» አለ ደመላሽ ተነሥቶ። «ግን አባ የጠሩት ሰው አለ። በስሙ ነው የጠሩት። ‹ፈንታ ይግባ› ብለው ነው ያረፉት። ፈርቶ ደበቀን እንጂ።»

ፈንታ ቀልድ መስሎት ሳቁን ጠበቀ። ሳቅ አልመጣም።

«እውነት ነው ልጄ?» አሉ መሪጌታ።

«ብለዋል፤ ግን…» ወደ ደመላሽ ዞረ። «አንተ፣ ድንቹ ማሳ ላይ ምን ነበር ያልከኝ? እስቲ ወርቁን ንገራቸው!»

«ወርቁ አንተው ነህ» አለ ደመላሽ መሬት መሬት እያየ።

«የኔዬ፣ አንቺስ? ሰምተሽ የለም?»

የኔአለም የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ጠመዘዘችው። «እኔ ቅኔ አላውቅም» አለች ቀስ ብላ።

ከደመላሽ ይልቅ ይሄ ነው አንጀቱን የቆረጠው። ደመላሽስ ቃሉን ገለበጠው፤ እሷ ግን እሱን ራሱን እንደማያውቁት ሰው ነው የተወችው።

ሴቶቹ እልል አሉ። እማማ ሽታዬ ያን ጉልበታቸውን እየጎተቱ መጥተው እጁን ሳሙት። «የተመረጥክ ልጅ! ደብቀኸን ልትሄድ ነበር?» አሉ እያለቀሱ። ያን ጊዜ አልገባም የሚለው ቃል አፉ ላይ ሞተ።

«እገባለሁ» አለ። «የምገባው ግን በአባ ፈንታ አይደለም። በደመላሽ ፈንታ ነው።»

ነገሩ በእልልታው ተዋጠ። ከመሪጌታ ጆሮ ብቻ አላመለጠም፤ ቀና ብለው ደመላሽን እስኪያልበው አዩት። ከዚያ ግን ዞረው ፈንታን መረቁት። ውሃ ይፈልጋላ አገሩ።

ፈንታ ቆብ ደፍቶ ወደ ዋሻው ወጣ። በደረቱ ተስቦ ገባ፤ ጨለማውን በክንዱ እየዳሰሰ፣ ጭቃውን እያፈሰ ወደ ኋላው ጣለ። ውሃው ሲለቀቅ አንገቱ ሥር ገብቶ በጀርባው ወረደ፤ ያበረደው ግን ውሃው አልነበረም። ታች መንደር የውሃውን መምጣት ያዩ ሰዎች ሲጮኹ ሰማ። ስሙን ነበር የሚጠሩት።

ጥር ገባ። አንድ ጧት ከጎጆው ደጅ ጀሪካን መሬት ሲነካ ተሰማ።

«ፈንታ… እኔ ነኝ» አለ የደመላሽ ድምፅ። «ለሠርጉ ውሃ ልቀዳ መጥቼ ነው።»

የማን ሠርግ ብሎ አልጠየቀም።

«ስማኝማ ወንድሜ። ያኔ ማሳው ላይ የነገርኩህ ነው እውነቱ። አባ ምትክ ማለታቸው ነበር። ማንም መግባት ይችል ነበር። እኔም…»

«አውቃለሁ» አለው ፈንታ ከውስጥ፣ በሩን ሳይከፍት። «ቅዳና ሂድ።»

ውሃው ጀሪካኑ ውስጥ መውረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ በወፍራም ድምፅ፣ እየሞላ ሲሄድ በቀጭኑ። ከዚያ ክዳኑ ተጠመዘዘ፤ ኮቴው ቁልቁል ወረደና ጠፋ። ፈንታ ያን ጊዜ ወደ እጆቹ አየ። ባዶ አየር ላይ፣ ክብ ነገር እንደያዙ፣ ጥርቅም ብለው ተጨብጠዋል።