ያልተቀዳው ውሃ

ባልዲው ውሃውን ሲመታ ድምፁ ከጠበቀችው በላይ ቅርብ ነበር። ራይሳ የጉድጓዱን መዘውር እጀታ እንደያዘች ቆም አለች። ውሃው ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ የሰሞኑ ዝናብ ከላይ ካለው የአሳማ በረት ሥር ሰርጎ ሁሉም እዚህ ወርዷል።

ባልዲውን አወጣች። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃ ደፋች፤ በአራተኛው ሞላችውና ክዳኑን አጠበቀች። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋ፣ ፈርማ፣ ብርሃን እንዳያገኘው ከበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ለቤተ ሙከራ የጉድጓድ ውሃ መቅዳት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው ሥራ ነው። ከዚህ ጉድጓድ ስትቀዳ ግን ይህ የመጀመሪያዋ መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ባለፈው መጋቢት ወደ መንደሩ የሚያወጣው መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪናዋ ኮረብታው ሥር ተቀረቀረ። ወገቧን ያማት ነበር። ከመንገድ ዳር ትምህርት ቤት ቧንቧ ቀዳችና በጠርሙሱ ላይ የዚህን ጉድጓድ ባለቤት የእማማ ፕሮፊራን ስም ጻፈችበት። ቤተ ሙከራው «ንጹሕ ነው» አለ። አልዋሸም፤ የትምህርት ቤቱ ውሃ ንጹሕ ነበር።

«ደግሞ መጣሽ?» እማማ ፕሮፊራ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከቤት ወጡ። «የእኛን ውሃ እኮ መርምረሽ ጨርሰሻል። ወረቀቱን ከቅዱስ ኒኮላስ ሥዕል አጠገብ ነው የሰቀልኩት።»

«የመኸሩ ዙር ነው እማማ። በየጊዜው ይታያል።»

«እንግዲያውስ ግቢ። የልጅ ልጄንም ታያታለሽ።»

ራይሳ ክው አለች። በዚህ ቤት ሕፃን መኖሩን አታውቅም ነበር።

ውስጥ የአሮጊቷ ምራት ቪዮሪካ ልጇን አቅፋ መስኮት ሥር ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባሏ ጣሊያን አገር ግንበኛ ነው። ሕፃኗ ሳንዳ ሁለት ወሯ ነው። ጡጦዋን ከግማሽ ትታዋለች። የከንፈሯ ዙሪያ ሰማያዊ ሆኗል፤ ጥፍሮቿም እንደዚያው።

«ብርድ መቷት ይሆን እትዬ ራይሳ?» አለች ቪዮሪካ። «እንዲህ ከሆነች ሦስት ቀኗ ነው። መተኛት ብቻ። ማልቀስ እንኳ ትታለች።»

«ወተቷን በምን ውሃ ነው የምትበጠብጪላት?»

«በጉድጓዱ ነዋ። ግን አፈላዋለሁ፤ ደህና አድርጌ፣ ግማሹ እስኪተን። ከታመመች ወዲህማ ሁለቴ ነው የማፈላው።»

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ከፍግ ወደ ውሃ የሚሰርገውንና የሕፃን ደም አየር እንዳይሸከም የሚያደርገውን ናይትሬት ግን ያወፍረዋል እንጂ አያጠፋውም። እናትየው በተጠነቀቀች ቁጥር ልጇን የባሰውን ታጠጣለች። ራይሳ ከኪሷ መመርመሪያ ወረቀት አውጥታ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነከረች። አንድ ደቂቃ መጠበቅ ነበረባት። ወረቀቱ ግን አልጠበቃትም፤ ወዲያው ቀላ፣ ከዚያም እንደ ወይን ጠጅ ጠቆረ።

«ውሃው ነው» አለች። «ሆስፒታል መሄድ አለባት።»

«የምን ውሃ?» እማማ ፕሮፊራ ተቆጡ። «የጤና ረዳቱ ያንቺን ወረቀት አይቶ፣ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ልቧ ይሆናል ብሎ ለማክሰኞ ቀጥሮናል!»

ራይሳ ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት ቀርቷታል። ውሃው ከመጋቢት ወዲህ ተበላሸ ብትል ማን ይጠረጥራታል? ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ሕፃኗ በእናቷ ክንድ ላይ አፏን ከፍታ አየር ፈለገች።

«ወረቀቱ ውሸት ነው» አለች ራይሳ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ያኔ እዚህ አልመጣሁም። የሌላ ቦታ ውሃ ነው በስማችሁ የላክሁት። ልጅቷን ይዘሽ መኪና ውስጥ ግቢ፤ አሁኑኑ!»

አሮጊቷ አማተቡ። ቪዮሪካ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወጣች።

መንገዱ አርባ ደቂቃ ፈጀ። «እየተነፈሰች ነው?» ትላለች ራይሳ በየመታጠፊያው። ከኋላ ቪዮሪካ ጆሮዋን ከልጇ አፍ አላነሣችም።

ሆስፒታል ሐኪሟ ከሕፃኗ የቀዳችው ደም ቀይ አልነበረም፤ ቡናማ ነበር። ራይሳ የጠቆረውን ወረቀት አሳየቻት። ሐኪሟ አንዴ አየችውና ነርሷን ተጣርታ ሕፃኗን ይዘው ገቡ። «መድኃኒቱ አለን» አለች በሩን እየዘጋች። «ይደርስላት እንደሆነ ግን ገና አላውቅም።»

ራይሳና ቪዮሪካ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ።

«አንቺ» አለች ቪዮሪካ። እትዬ ማለት ቀርቷል። «የዚያን ቀን የዘለልሽው የእኛን ጉድጓድ ብቻ ነው?»

ራይሳ ከጠዋት ጀምሮ የሸሸችው ጥያቄ ይህ ነበር።

«አንድ ሌላ አለ» አለች። «ከወፍጮው ጀርባ። የኢሊያና።»

ቪዮሪካ ዓይኗን ጨፈነች። «ኢሊያና እኮ በመስቀል ሰሞን መንታ ወልዳለች።»

ስልኳን አውጥታ ደወለችና ለራይሳ ዘረጋችላት። «አንቺው ንገሪያት።»

ስልኩ ለረጅም ጊዜ ጮኸ። በመጨረሻ ተነሣ። «ማነው?» አለ የደከመው የኢሊያና ድምፅ። ከበስተኋላዋ የአንድ ሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ራይሳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ የሁለተኛውን ልቅሶ ጠበቀች።